ልንጋባባት የነበረችው ደሴት

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቦታው ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ የሚወርድ አንድ ወንዝ ነው። ዛሬም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ቢሮ ተቀምጬም ቢሆን፣ እጄ ሥራ ይፈታል።

እኔ ቦንጋ ተወልጄ ያደግኩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። አድማሱ ደግሞ ሺሺንዳ ውስጥ አስተማሪ ነው። አራት ዓመት ተዋደን ቆየን። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ የአድማሱ ቤተሰቦች ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ «ሃይማኖቱን ትቶ ከመጣ እንነጋገራለን፤ አለዚያ ደጄን እንዳይረግጥ» ብሎ መለሰ። የአድማሱ እናትም ቢሆኑ ከአባቴ አይሻሉም።

ስለዚህ ኮብልለን ልንጋባ ወሰንን። ፊርማው ማዘጋጃ ቤት ይሆናል። ቀለበት የምናስረው ግን እዚያች ደሴት ላይ ነው።

ደሴት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መሀል ላይ የተዋት፣ ሣር የለበሰች፣ አንድ ግዙፍ ሾላ የበቀለባት ቁራሽ መሬት ናት። በወዲህም በወዲያም ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሾላው ላይ ጉሬዛዎች ይውላሉ። አድማሱ መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን በሹክሹክታ ነበር ያወራሁት። ጮክ ብሎ መናገር ነውር መሰለኝ።

ይህ የሆነ ዕለት የሄድነው ነገሩን ልናቅድ ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። እናቴን «ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደካ ከተማ ደርሼ እመጣለሁ» አልኳት። አድማሱም ለማንም አልተናገረም።

ፀሐይ ወጥታለች። አድማሱ ጫማውን አውልቆ ተሻገረና «አንቺ እዚህ ትቆሚያለሽ፤ ምስክሮቹ እዚያ ጋ» እያለ በእርምጃ ይለካ ጀመር። እኔ ዳር ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ድንገት ከበላዬ ሰው ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ እየሰቀሉ ኖሯል። መጀመሪያ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ጮኹ፤ ቀጥለው በተሰባበረ አማርኛ፦

«ልጅቷ! እሱ ይውጣ! ከላይ መጣ!»

አድማሱ ሳቀ። «ዝናብ የት አለና ጋሼ?»

ሽማግሌው ግን በገመዳቸው ተንሸራተው ወረዱና ወደ ወንዙ ሮጡ። በኋላ እንደነገሩን ከዛፉ ላይ ሆነው ከወንዙ ወደ ላይ ያለው ጫካ ሲነቃነቅ አይተዋል። እኔ ያን አላወቅኩም። ፊታቸውን ሳይ ግን «አድማሱ፣ ና!» ብዬ ጮኽኩ።

አድማሱ ሊሻገር ገብቶ መሀል ሲደርስ ውኃው ጉልበቱን ያዘው፤ ወዲያው ወገቡን። የጠራው ውኃ ደፈረሰ። ሽማግሌው ገመዳቸውን ግንድ ላይ ጠምጥመው ጫፉን ወረወሩለት። ያዘው። እኔም ድንጋይ ተደግፌ አብሬ ጎተትኩ። ዳር ሲደርስ ሸሚዙን እንዴት እንደጨበጥኩ አላስታውስም። ሽማግሌው «ወደ ዳገቱ!» እያሉ ሁለታችንንም ነዱን።

ከዚያ ድምፁ መጣ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጎርፉ ከነሥራቸው የተነቀሉ ዛፎች ይዞ ደረሰ፤ አንዳንዶቹ እንደቆሙ ነው የሚሄዱት። አድማሱ በእርምጃ የለካት ሣር ዓይናችን እያየ ጠፋች። ሾላው ግን እስከ ወገቡ ተውጦ ቆመ። ጫፉ ላይ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን ቁልቁል ለቀው ዝም ብለዋል። መፍራቴን ረሳሁት። እንዲህ ያለ ኃይልና እንዲህ ያለ ውበት በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኖሬያለሁ፤ እግዚአብሔርን በእውነት የፈራሁት ግን ያን ቀን ይመስለኛል።

ሽማግሌው ጋሽ ሻዎ ይባላሉ። ምን ልናደርግ እንደመጣን ሲጠይቁን አድማሱ ሳይደብቅ ነገራቸው።

«እዚህ መምጣት ማን ያውቃል?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ማንም።»

«እናትሽስ?»

«ደካ የሄድኩ ነው የሚመስላት።»

ወደ ጎርፉ ጠቆሙ። «ዛሬ ውኃ ቢወስድ እናትሽ ደካ ሄዳ ትፈልጋለች። ደካ አታገኝም» አሉ።

ሌላ ምክር አልጨመሩም። እስከ መኪና መንገዱ ሸኝተውን ተመለሱ።

ጭቃ እንደሆንኩ ቤት ገብቼ ለአባቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ልጁ ዋና ይችላል?» አለኝ።

«አይችልም።»

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። በሦስተኛው ቀን «ልጁን ጥሪው» አለ። ስለ ሃይማኖት ሐሳቡን አልለወጠም፤ ዛሬም አልለወጠም። ማዘጋጃ ቤት ስንፈርም ግን ከእኔ ምስክሮች አንዱ እሱ ነበር። ፊርማው ተበላሸበትና ደግሞ ፈረመ። አማቴ አልመጡም። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ግን እየመጡ ያጥቧታል።

ያ ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ስነቃ አድማሱ አጠገቤ ተኝቶ ሲተነፍስ እሰማለሁ። ውኃው ወስዶት ቢሆን፣ አባቴ ደጁን የከለከለውን ሰው በማን ፊት አለቅስለት ነበር? ይህን ሳስብ ይዘገንነኛል፤ እስኪነጋም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።