ከቁጥር ሰባት የጠፋው ደብዳቤ

ፍሬሰንበት የኬብሉን ልባስ ጣት በሚያህል ልክ ይልጣል። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈታል፣ በአውራ ጣቱ እያሸ ያቀናቸዋል። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... እያወራ ሳያይ ይደረድራቸዋል። ጫፋቸውን እኩል ይቆርጣል፣ የፕላስቲክ መሰኪያዋ ውስጥ እስከ ጥግ ይገፋቸዋል፣ በጉጠቱ ይጨምቃል። ቀጭ! ከዚያ ይሰካና አረንጓዴዋን መብራት ይጠብቃል። ሳትበራ ከተቀመጠበት አይነሳም።

ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ያለው የኢንተርኔት ቤቱ ዘጠኝ ስክሪን አለው። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነው፣ ጓዳ የተቀመጠው ሰርቨር። ከየስክሪኑ ሥር ያለችው ትንሽ ሳጥን ሁለት ሥራ ብቻ ነው የምታውቀው። የተጫንከውን ፊደል ወደ ሰርቨሩ ትልካለች፤ ሰርቨሩ የሚልክላትን ምስል ታሳያለች። እሷ ዘንድ የሚቀመጥ ነገር የለም። ስለዚህ ስክሪኑን አጥፍተህ ብትሄድ ሥራህ ጓዳ እንደተከፈተ ይቆይሃል። ነገ ሌላ ስክሪን ላይ ብትቀመጥም ካቆምክበት ፊደል ትቀጥላለህ።

ደንበኞቹ እዚህ በሰው አገር ያለን የኛው ሰዎች ናቸው፦ የበርበራ መስመር ሾፌሮች፣ ግንበኞች፣ የቤት ሠራተኞች። ስም ማስመዝገብ ስለማይወዱ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የመታወቂያ ፎቶና የድንበር ወረቀት ማሽኑ ላይ እንዳይከርምባቸው ደግሞ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር የእንግዶቹን ፋይል ሁሉ ጠርጎ እንዲያጠፋ አድርጎ ሠርቶታል። ማሽኑ እንዳይንቀራፈፍ በየዓርቡ፣ ሰፈሩ ለጁምዓ ሲዘጋ፣ አጥፍቶ ያበራዋል።

ባንተአምላክ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቁጥሩ ሰባት። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለእህቱ ለሸዋርካብሽ በሁለት ጣት ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

"አንተ፣ ዶሮ ነህ እንዴ እንዲህ የምትለቅመው?" አለው ፍሬሰንበት።

"ዝም በል እባክህ፣ ቁም ነገር ነው። የሶሊ ነገር ነው።"

ሶሊ የአራት ዓመት ልጁ ናት። እናቷ ባሕር ከተሻገረች ወዲህ በርበራ ሰው ዘንድ አስቀምጧታል። ማን ዘንድ እንደሆነ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ባንተአምላክ ብድግ አለ።

"ሴቭ ልበለው?"

"ተወው፣ ስክሪኑን አጥፋና ሂድ። የትም አይሄድብህም።"

"በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ።"

ዓርብ ረፋድ ላይ ከበርበራ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ፤ አልተረፈም። ቀትር ላይ፣ መርዶው ገና ሳይደርሰው፣ ፍሬሰንበት ሰርቨሩን ሊያጠፋ ሲል ማሽኑ ጠየቀው፦ ቁጥር ሰባት ያልተዘጋ ሥራ አለው፣ ማጥፋቱ ይቀጥል? በየሳምንቱ የአንዱን ወይ የሌላውን እያነሳ ይጠይቀዋል፤ በየሳምንቱም አዎ ይለዋል። ያን ቀንም አዎ አለው።

እሑድ ሸዋርካብሽ ጥቁር ለብሳ መጣች። እዚያው ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

"ሐሙስ ማታ ደውሎልኝ ነበር" አለችው። "'የሶሊ ነገር በስልክ አይሆንም፣ ያለችበትን ጽፌዋለሁ፣ ፍሬ ቤት አለ' ብሎኛል። ክፈትልኝ።"

"ሸዋዬ... የለም።"

"እንዴት የለም? 'ሴቭ ልበለው ብለው ፍሬ የትም አይሄድም አለኝ' ብሎኛል እኮ!"

"ብዬው ነበር።"

ቁጭ አላለችም፤ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ ስክሪኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ከአንዱ ውስጥ የሚወጣ ይመስል።

ፍሬሰንበት ቤቱን ዘግቶ ዲስኩን ሦስት ቀን በረበረ። አንዲት መስመር አላገኘም። ማጥፊያውን የሠራው ራሱ ነው፤ ደህና አድርጎ ሠርቶታል። ሸዋርካብሽ ከአሠሪዋ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር በርበራ ወርዳ በር ታንኳኳለች። ሦስት ጊዜ ሄዳለች፣ ሦስቴም ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ስለሱ እንደምጽፍ ስነግረው ጉጠቱን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

"ስለኔ ያልከውን በል። ይህን ግን እንዳለ ጻፍልኝ። ያን ሐሙስ ከባንተአምላክ ግራና ቀኝ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ ስም አልመዘግብምና ማን እንደነበረ አላውቅም። የጎረቤትን ስክሪን ሰረቅ አድርጎ የማያነብ ደግሞ እኔ ቤት የለም። አንተ ከነበርክ፣ አንቺ ከነበርሽ፣ ነውር ነው ብላችሁ አትደብቁኝ። የሰው ስም ይሁን፣ የሰፈር ምልክት፣ የበር ቀለም፣ ያያችሁትን ንገሩኝ። አሁን ዓርብም ክፍት ነኝ።"