ዝላታ ያሳለፈችው ሸክላ

ዝላታን «ይህ ዘፈን ደስ ይላል?» ብሎ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዛግሬብ የሙዚቃ ሸክላ ፋብሪካችን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ስትቀመጥ ከአፏ የሚወጡት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ «ያልፋል» እና «አያልፍም»። የሠርግ ዘፈን ሆነ የወታደር ማርሽ ለእሷ ያው ነው። መርፌው ከዘለለ አያልፍም፣ ካልዘለለ ያልፋል፣ በቃ። እኔ ሚልካ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ሸክላውን ሽፋኑ ውስጥ የምከት፣ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። በቀን ስምንት ሰዓት ብቻዬን ሳወራ እውል ነበር። ግን እወዳታለሁ፤ ምን ላድርግ!

ስህተት የሚባል ነገር አይገኝባትም። ቡናውም የልብስ ሳሙናውም ከሱቅ በጠፋበት በዚያ በሰማንያ አንድ፣ የዓመቱ አርአያ ሠራተኛ ተብላ የብር ሰዓት ልትሸለም ስሟ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ «ካንቺ ጋር ከመኖር ከወንበር ጋር መኖር ይሻላል» ብሏት ነበርና ያ ሰሌዳ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

«ሊፍቱ አይሠራም» የሚባሉት አራት ጎረምሶች የመጡት ያኔ ነው። ስሙን ያወጡት ከሚኖሩበት ፎቅ ነው፤ እውነትም የዚያ ፎቅ ሊፍት ሠርቶ አያውቅም። የሚጫወቱት አዲሱ ማዕበል የሚሉትን ሙዚቃ ነው። ጊታሩ ይቸኩላል፣ ከበሮው ይቸኩላል፣ ዘፋኙ ዳሚር ደግሞ ትራም ሊያመልጠው እየሮጠ የሚዘፍን ይመስላል። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ወረፋ» አሉት። ሽፋኑ ላይ ሰባት ሰዎች እርቃናቸውን ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው ሐፍረታቸውን በባዶ ዘንቢል ሸፍነዋል። እኔ ሳየው በሳቅ ሞትኩ። አለቃችን ቪንኮ ግን የፓርቲ አባልነቱን ረስቶ አማተበ።

አዲስ አልበም ከመታተሙ በፊት አንድ የሙከራ ሸክላ ለባህል ኮሚሽኑ ይላካል። እነሱ «ርካሽ ሥራ» ብለው ማኅተም ከመቱበት ግብር ይከመርበትና ተማሪ የማይቀምሰው ዋጋ ይሆናል። አለቀለት ማለት ነው። የሙከራ ሸክላ መሃሉ ላይ ያለው ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር በእርሳስ የምትጽፍበት ዝላታ ናት።

በሳምንቱ የኮሚሽኑ ደብዳቤ መጣ። ቪንኮ ምሳ ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ዘፋኙ የሰከረ በሬ ነው የሚመስለው። ዜማው ይንፏቀቃል። በየመሃሉ የሚሰማው ማቃሰት ለወጣቱ ሥነ ምግባር አደገኛ ነው።» ማኅተሙ ተመታበት። ጭራሹኑ ይታተም አይታተም የሚለውን ደግሞ የሠራተኞች ምክር ቤታችን ዓርብ ድምፅ እንዲሰጥበት ተወሰነ።

«ይንፏቀቃል?» አለች ዝላታ።

ሁላችንም ዞረን አየናት። ምሳ ላይ ስትናገር ሰምተን አናውቅማ!

ፊቷ አመድ መስሏል። ማንኪያዋን ሾርባው ውስጥ ጣል አድርጋ እጄን ይዛ ወደ ኮሪደር ጎተተችኝ። «ሚልካ፣ በሠላሳ ሦስት ነው የሰሙት።»

«ማለት?»

«አልበም ሁሉ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ነው የሚዞር፤ የልጆቹ ግን በአርባ አምስት ነው። በሠላሳ ሦስት ካስኬድሽው ማንም ሰው በሬ ይሆናል። ፍጥነቱን አልጻፍኩበትም። ረሳሁት። እኔ!»

«አንቺ? እንዴት ተደርጎ?»

አንገቷን ደፋች። «ደግሜ እየሰማሁት ነበር። ለሥራ አይደለም… ለራሴ። ከዚያ ሊወስዱት ሲመጡ ደንግጬ ሰጠኋቸው።»

ወይ ጉድ! መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «በይ ዝም በይ» አልኳት። «ሰዓቱን የሚሰጡሽ ሰኞ ነው። ማን ያውቅብሻል? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» እንዲህ ብዬ መከርኳት፤ ዛሬም ድረስ አፍርበታለሁ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ዳሚር ከኋላ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ሊቀመንበሩ ክሬሺሚር ደብዳቤውን አንብቦ «አስተያየት ከሌለ ወደ ድምፅ…» ሲል ዝላታ ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ደግማ ስትሰማው እንደነበር ስትናገር ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ዝላታ፣ ኧረ ሰዓቱ!» አለ ቪንኮ። ማንሾካሾኩ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

«ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ» አለችው። ከዚያ የራሷን ማጫወቻ አንሥታ መድረኩ ላይ አስቀመጠች፣ አርባ አምስት ላይ አደረገችው፣ መርፌውን አሳረፈች።

እሰይ! ከበሮው ሲገባ ወንበሩ ራሱ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ቡና ወረፋ ነው፤ ግማሾቻችን ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ተሰልፈን ባዶ እጃችንን የተመለስን ነን። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች አፋቸውን በሻርፕ ይዘው መንፈቅፈቅ ጀመሩ። ሦስተኛው ዘፈን ስለ ስብሰባ ነው፤ ተኝተው የከረሙ ሰዎች «ድምፅ» ሲባሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ያወጣሉ።

ክሬሺሚር ቲማቲም መሰለ። «ይሄማ ከፊተኛው ባሰ! ፊት ቢያንስ ቃሉ አይሰማም ነበር!»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ነበር። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ «እሺ! ይታተም የምትሉ እጅ አውጡ!» አለ።

አንድም እጅ አልወጣም። ያ ዘፈን እንዲያ ከሳቀብን በኋላ ማን ደፍሮ ያውጣ? ሁላችንም እጃችንን ጉያችን ውስጥ ቀብረን ተያየን። ዳሚር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «በገዛ ዘፈናችን ገደልነው» ሲል ሰማሁት።

«እኔ እጄን አላወጣም» አለች ዝላታ። «ግን አልቀመጥም።»

እንደቆመች ቀረች። ብቻዋን። እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ወንበሬ ከኋላዬ ሲወድቅ ነው የሰማሁት። የማሸጊያ ሴቶች ተነሡ። የማተሚያ ማሽን ሠራተኞች ተነሡ። በመጨረሻ ቪንኮ «ከዝላታ ጋር ተጣልቼ የት ልገባ ነው!» እያለ ተነሣ። ቆሞ ድምፅ መስጠትን የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ክሬሺሚር እየተነጫነጨ ራስ ቆጠረ።

ሸክላው ወደ ኮሚሽኑ ተመልሶ ሄደ። ዝላታ «45» የሚለውን ነጩን ወረቀት እስኪሞላ አግዝፋ ጽፋበታለች። ማኅተሙ ተነሣ፤ ምክንያቱን አልነገሩንም፤ የሰከሩት በሬዎች እነማን እንደሆኑ ጋዜጣ እንዳይሰማባቸው ይመስለኛል። ዝላታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የብር ሰዓቱ ለቪንኮ ተሰጠ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! «ወረፋ» ሐሙስ ወጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሸክላ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁለት መንገድ ታጥፎ ነበር። ተማሪው ባዶ ዘንቢል ይዞ ነው የመጣው፤ ልብስ ለብሶ፣ ተመስገን። በሦስት ፈረቃ አተምን፤ አልበቃም። በየትራሙ፣ በየወታደር ካምፑ፣ በየፎቁ መስኮት የሚሰማው እሱ ነው። ስከት ስከት ጣቴ ተሰነጣጠቀ፤ እኔ ግን በደስታ ሰክሬያለሁ። በጸደይ መቶ ሺህ ገባ።

ለአዲሱ እትም፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚባዙበት እናት ሸክላ እንደገና ሲቀረጽ ዳሚር ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ቡሬክ በትሪ ተሸክሞ መጣ። የመጀመሪያዋን ሸክላ ለዝላታ ሰጣት። «እትዬ ዝላታ፣ ስሚልን እስቲ።»

ሁለቱንም ገጽ ሰማች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ መብራቱ አዘንብላ አየችው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ከወረቀቱ አጠገብ ለስላሳ ቦታ አለ፤ ቀራጩ ቁጥር የሚጭርበት። እዚያ ከቁጥሩ ቀጥሎ በእጅ ተጭሯል፦ «ዝላታ ሰምታዋለች»። በእሷ ቅጂ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በታተመው በእያንዳንዱ ላይ ነው።

አውራ ጣቷን ደጋግማ አሸችበት።

«ያልፋል?» አላት ቪንኮ፣ የብር ሰዓቱን እጅጌው ውስጥ እየደበቀ።

«ያልፋል» አለች።

እኔ እንኳ ዝም አልልም። «ደስስ ይላል ወይ ዝላታ?»

የማዳመጫውን ገመድ ከማጫወቻው ነቀለችና መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው፤ ከበሮው ክፍሉን ሞላው። «በጣም ደስ ይላል» አለች።