በአራስነቴ የተቀመጥሁበት ፈተና

አራተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ ነበር የተዳርሁት። ባሌ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ሆኖ መተማ ሲመደብ ተከትዬው ወረድሁ። እናቱም አብረውን መጡ። ጥቂት ቆይቼ በከተማው ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠርሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሁለት ልጆችም ነበሩኝ።

በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ክሊኒኩ፣ ሳሉግ በምንላቸው ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይሞላል። አንድ ቀን በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰር ለምሳ እንደወጡ አንድ የጎጃም ሰው ካርዱን ዘረጋልኝ።

«እኅቴ፣ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ? ልሞት ነው እንዴ?»

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። አገላበጥሁት። ማንበብ ስላልቻልሁ «አይዞህ፣ አሁን ይመጣሉ» ብዬ ካርዱን መለስሁለት። ሰውየውን የያዘው ወባ ነበር፤ ኪኒኑን ውጦ ዳነ። እኔ ግን ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ጤና ረዳት ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ድሬሰሩን ስጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ» አሉኝ።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ጓዲት፣ ልጅሽን ልታስመዘግቢ ነው?» አሉ።

«የለም፣ ራሴን ነው።»

«ከልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጫለሽ?»

«መሬት ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ።»

ሳቁና ከቀበሌ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዙኝ። ጠዋት ክሊኒክ እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ስገባ ልጆቹ መምህርት መስያቸው ብድግ አሉ። ሄጄ ከኋላ ስቀመጥ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ላብ በላብ ሆንሁ፤ ግን አልወጣሁም። ውለው አድረው «እትዬ» ይሉኝ ጀመር።

አማቴ ግን አልወደዱትም። «ያገባች ሴት ደብተር ይዛ ከልጅ ጋር ስትሰለፍ ሰው ምን ይላል?» ይሉ ነበር። ባሌ በእናቱና በእኔ መሃል አልገባም፤ ደብተር ሲያልቅብኝ ግን ሳልጠይቀው ገዝቶ ይመጣል።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አረገዝሁ። ሴት ልጅ የወለድሁት በግንቦት መጨረሻ ነው፤ የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ሰኔ አጋማሽ ላይ በወረዳው ከተማ በሸሕዲ ይሰጣል። ወገቤ አልጠና ብሎኝ፣ «በቃ፣ ለከርሞ ይቆይ» ብዬ የጠፍር አልጋዬ፣ አንግሬቤ ላይ ጋደም እንዳልሁ አማቴ መጥተው ቆሙብኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ያሳቅሽብኝ ለዚህ ነው? ተነሽ! ልጅቱን እኔ እይዛታለሁ።»

ባሌ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጭኖን ተነሳን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሸሕዲ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ባሌ ከትራክተሩ ጋር ቀረ። እኛ ጫማችንን አውልቀን በእግር ቀጠልን፤ አማቴ ልጅቱን አቅፈው ከፊት፣ እኔ እርሳሴን ጨብጬ ከኋላ። የደረስነው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

ሒሳብ እየሠራሁ ሳለ የልጄን ለቅሶ በመስኮት ሰማሁ። ጡቴ ልብሴን አራሰው። ቁጥሩ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ፈታኟ መምህርት መጥተው በጆሮዬ፣ «ወረቀትሽን ለእኔ ስጪና ሄደሽ አጥቢያት» አሉኝ።

አማቴ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሳጠባ፣ «ከበደሽ?» አሉኝ።

«ክፍልፋይ ላይ ነኝ፣ እማማ።»

«ክፍልፋይ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንዱን ነገር ለብዙ ማካፈል።»

«ታዲያ ይሄማ የዘወትር ሥራሽ አይደል? ምኑ ይከብዳል!»

እየሳቅሁ ተመለስሁ። ሰዓቱ ሳያልቅም ጨረስሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ክሊኒክ መጡ። «አልፈሻል፣ ጓዲት» አሉኝ። መጥረጊያውን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። አማቴ የልጅቱን ገላ እያጠቡ ነበር። ስነግራቸው እጃቸውን እውኃው ውስጥ እንደነከሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰባተኛ የት ነው የሚማሩት?»

«እዚህ የለም፤ ሸሕዲ ነው።»

«እንግዲያው ሸሕዲ ቤት ይፈለጋ» አሉና ልጅቱን በነጠላቸው ጠቀለሏት።

ሰባተኛንም ስምንተኛንም እዚያው ሸሕዲ ተማርሁ። ኋላም ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ጎንደር ስሄድ፣ ሦስቱን ልጆቼን ይዘው የቆዩልኝ አማቴ ናቸው።