ኑርዬ ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ዕለት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ወሬ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። በ1980 ዓ.ም. ኑርዬ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ግን ወሬው አልቀደመውም፤ ይዞት የመጣው ራሱ ነበራ። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣

«የፊታችን ቅዳሜ ቴሌቪዥን ላይ ነኝ! ሙያዬን እወቁልኝ ላይ! ማንም እንዳይቀር!» ብሎ ጮኸ።

ያንን ዝግጅት ለማያውቅ ልንገር። «ሙያዬን እወቁልኝ» ላይ አራት ሰዎች ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ይደረደራሉ፤ አንድ ሐኪም፣ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ አንድ የትያትር ሰው፣ እንዲሁም መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወይዘሮ ስህን የሚባሉ መምህርት። እንግዳ ይገባል። ስሙንና አገሩን ይናገራል፣ ሥራውን ግን አይናገርም። አራቱ ሰዎች በመካከላቸው አሥር ጥያቄ አላቸው። እንግዳው «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም፤ መዋሸትም ክልክል ነው። ሥራውን ካወቁበት ተሸነፈ። ካላወቁበት ደወል ይደወላል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል። በቃ፣ ይኸው ነው። እንደ ዛሬው መብራት እየዞረ ዓይን የሚያጠፋበት፣ አቅራቢው በሆነ ባልሆነው የሚጮህበት ነገር አልነበረም። ዳኛው እንኳ ጥያቄ ሊጠይቁ ሲሉ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እንግዳችን» ነበር የሚሉት። አንዱን ከሰል ነጋዴ እንዲህ ሲሉት ሰውየው ደንግጦ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ዕድሜ ልኩን ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረማ።

የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ለስብሰባ ሲሆን ሰውን ከየቤቱ በአብዮት ጥበቃ ነው የሚያወጡት፤ ቅዳሜ ግን አሮጊቱ ሳትቀር በርጩማዋን ተሸክማ ትመጣለች። የሰው ሥራ መገመት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎረቤቱን ድስት በማሽተት ሲመረምር የኖረ ሕዝብ ነው። አንድ ጊዜ እንግዳዋ ገና ሳትቀመጥ ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት፣ «ጫማዋን እዩት፣ አዋላጅ ናት!» አለች። እውነትም አዋላጅ ሆና ተገኘች። አራቱ ምሁራን ስምንት ጥያቄ ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ሴት ደጅ ጫማ አድርጎ ማለፍ የሚደፍር ጠፋ።

ኑርዬ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሐይቅ የገባው በትዳር ነው። ትንሽ እርሻና አንዲት በቅሎ ነበረችው። መስከረም ሲጠባ በቅሎዋን እየነዳ ወደ ግሸን ማርያም መንገድ ይወጣና ተሳላሚው ከመኪና ከሚወርድበት ቦታ ላይ ይጠብቃል። ደካማውን፣ በሽተኛውን፣ ያበጠ እግር ያለውን በቅሎ ላይ አውጥቶ ዳገቱን ይያያዘዋል። በቅሎ የማይረግጠው ገደል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰውየውን ወደ ጀርባው ያዛውረዋል። የሶላት ሰዓት ከደረሰ መንገድ ዳር ይሰግዳል፤ ተሳላሚው በቅሎዋን ይዞ ይጠብቀዋል። አሮጊቷ ትከሻው ላይ ሆነው «ማርያም ትባርክህ» ሲሉት «አሚን» ይላል። ይህ እኛ አገር ለወሬ እንኳን አይበቃም።

አዲስ አበባ ግን በቃ። እህቱ ዑምኩልሱም ያ ዝግጅት በሚቀረጽበት ቤት ጽዳት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ ቀረና ሰዎቹ ሲራወጡ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «ማንም የማይገምተው ሥራ ያለው ወንድም አለኝ፣ እቤት ተኝቷል» አለቻቸው። ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ መስኮቱ ላይ ሰው ተንጠለጠለ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ነኝ። የኑርዬ ሙሽራ ኡሙሰልማ አዲስ ሻሽ አስራ ፊት ተቀምጣለች። ኑርዬ ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ «ታዩታላችሁ» ብቻ። የመጀመሪያው እንግዳ ንብ አናቢ ነበሩ፤ በስድስተኛው ጥያቄ ተያዙ። ከዚያ አቅራቢው ክራባቱን አስተካከለና፣ «ቀጣዩ እንግዳችን ከወሎ ክፍለ ሀገር…» ሲል መብራት ጠፋ።

ስንጮህ፣ ስንራገም፣ ሻማ ስንፈልግ ቆየን። መብራቱ ሲመለስ ዜና ላይ ደርሰናል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ግን ኡሙሰልማ፣ «ኑርዬ፣ አሸነፍክ?» ስትል ሁላችንም ሰምተናል።

«አሸነፍኩ እንጂ!» አለ። «አሥሩን ጨረሱ፤ ዳኛው ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ደወሉ ጮኸ!»

ከወደ ኋላ የአናጢው የአስረስ ድምፅ መጣ። አስረስ የኑርዬ ጓደኛ ነው፤ ማለትም ያለ እሱ ውሎ አያድርም፣ ሳያበሽቀውም አይውልም።

«ሰዓቱስ የታለ?»

«ደሴ መናኸሪያ ተሰረቀብኝ።»

ጨለማው ውስጥ የተሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ከዚያች ዕለት ወዲህ ሐይቅ ውስጥ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ኑርዬን ጠይቀው።»

ሰዓቱ ባልከፋ፤ የከፋው ሰው ጭራሽ ቴሌቪዥን ላይ መውጣቱንም አላምን ማለቱ ነው። አስረስ «እኔ ያየሁት ንብ አናቢውን ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ይባስ ብሎ ኑርዬ በአንድ የድንበር ጠብ ላይ ለምስክርነት ቢጠራ፣ የሚመሰክርበት ሰውዬ ለሽማግሌዎቹ፣ «የዚህን ሰው ቃል ነው የምትሰሙት? ቴሌቪዥን ላይም ወጥቻለሁ ይላል እኮ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ምስክርነቱም እዚያው ቀረ። ኑርዬ በቅሎውን አስቀድሞ አቀርቅሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ማንም ለምስክርነት አልጠራውም። «አየሁህ» የሚለው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ማግኘት የኑርዬ ሐጃ፣ የልቡ ምኞት ሆነ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን የቴሌቪዥን ጣቢያ እንደ እንጉዳይ በቀለ፤ አንዱ የሳተላይት ጣቢያ እሑድ እሑድ «ሙያዬን እወቁልኝ»ን መድገም ጀመረ። የኑርዬ ልጅ ሉብና ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለችና ለአባቷ ዲሽ አስተከለችለት። እኛም ሽበታችንን ይዘን እንደገና ተሰበሰብን። ያ የጠረጴዛው ልብስ፣ ያ ደወል፣ ዳኛው ይቅርታቸውን ሲጠይቁ! ከተቀመጥነው ውስጥ ዓይኑን ያልጠረገ አልነበረም። አስረስ አንድም እሑድ አልቀረም፤ «የምመጣው ልመሰክርበት ነው» ይላል። አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር ኑርዬ ፊቱን በጋቢው ጥግ ይሸፍን ነበር። ኡሙሰልማ «ናፍቆት ነው» ትለን ነበር። ጣቢያው ያለውን ሁሉ አሳይቶ ጨረሰ፤ የኑርዬ ቀን ግን ከውስጡ አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ከቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቱን ሞላው። የከተማው ሴቶች ንፍሮም ቂጣም ይዘው ይመላለሳሉ፤ ኑርዬ ውኃ በበቅሎ ያቀርባል። እንጀራስ ይገኝ ነበር፤ የጠፋው ወሬ ነው። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ይላል። ኑርዬ ይህን ዝምታ አልቻለውም። አንድ ከሰዓት በኋላ አራት የተማሪ ወንበር ከዛፍ ሥር ደረደረና፣ «ሙያዬን እወቁልኝን ታስታውሳላችሁ?» አለ።

በሦስተኛው ቀን ግቢው በሳቅ ይናጥ ጀመር። አንድ ጥፍራቸውን ተቀብተው የማያውቁ አዛውንት የሙሽራ አስጊያጭ ሆነው ተገኙ። በአራተኛው ቀን «አንተስ? አንተም ግባ!» ተባለ፤ ኑርዬ ከእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከጠያቂዎቹ አንዷ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ የወልድያ ሴት ነበሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ከ«እግዜር ይስጥልኝ» ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ኑርዬ ስሙንና አገሩን ሲናገር ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። የመጀመሪያውን ጥያቄም ማንም ሳይቀድማቸው እሳቸው ጠየቁ።

«ሰው አዝለህ ታውቃለህ?»

ኑርዬ አመድ መሰለ። «አዎ» አለ።

«እንግዲያው ወደ ግሸን ማርያም ተሳላሚ የምታወጣው እስላም አንተ ነህ።»

ግቢው አጨበጨበ። አስረስ ከዳር ሆኖ፣ «ማን ሹክ አለዎት እትዬ? ለዚህ ሰው የሚያዝንለት በዛ!» አለ።

«ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉ። «ወልድያ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥን ነበረን። እጅጌው ያጠረ ቡናማ ኮት ለብሰህ ነበር። ስትቀመጥ እጅህን ጭንህ ሥር ደበቅኸው።»

ስለ ኮቱ ማንም አያውቅም ነበር። የእህቱ የዑምኩልሱም ባል ኮት ነው። ኑርዬ ተነሥቶ፣ «አስረስ! ሰማህ ወይ? ያ ጀመዓ! ሰማችሁ?» እያለ ዞረ፤ የሴትዮዋን እጅ ሳመ፤ ዛፉን ሳይቀር የሚስም መሰለን።

እትዬ ለተብርሃን ግን አልጨረሱም። «በአሥረኛው ጥያቄ መምህርቷ ያዙህ። እኔማ ያልረሳሁህ አንጀቴን ስለበላኸው ነው» አሉ።

ጭብጨባው ቆመ። አስረስ አንደበቱ እንዴት እንደሚበላው አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ኑርዬ፣ እትዬ የሚሉት እውነት ነው?»

እስቲ ቦታው ላይ ሆናችሁ አስቡት። «አይ» ካለ ሰዓቱም ድሉም ይተርፍለታል፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ያገኛት አንዲት ምስክር ግን ቀጣፊ ትሆናለች። ያውም ቤቷን ጥላ የመጣች ሴት። «አዎ» ካለ ደግሞ የንፍሮ ድስት ይዛ የቆመችው ኡሙሰልማ አለች። ኑርዬ እሷን አየ፤ እትዬ ለተብርሃንን አየ።

«አዎ» አለ። «ሰዓት የሚባል የለም። የሰረቀኝም የለም።»

ኡሙሰልማ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ያረቢ! ደሴ መናኸሪያ በወረድኩ ቁጥር ያንን ሌባ ስረግም! ሠላሳ ሦስት ዓመት! ያ ሁሉ እርግማን ማን ላይ አረፈ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። «ለምን ዋሸኸኝ?»

«ልትዪኝ ነበር እኮ የጠራሁሽ፤ ሽንፈቴን ከነኮቱ። መብራቱ ጠፋ። አንቺም በጨለማው አሸነፍክ ወይ አልሽ። አዲስ ሻሽ አስረሽ አይደል እንዴ? ምን ልበልሽ?»

ከዚያ እውነተኛውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራልን። ዳኛው «ይቅርታ ያድርጉልኝና እንግዳችን፣ ሥራዎ ከመስጊድ ጋር የተያያዘ ነው?» ቢሉት «አይ» አለ። ሐኪሙ «ከእምነትስ ጋር?» ቢለው መዋሸት ክልክል ነውና «አዎ» አለ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ስሙ ኑርዬ፣ ሥራው የእምነት፣ መስጊድ ግን አይደለም! ዘጠኝ ጥያቄ እንዲሁ አለቀ። ደወሉ ሊደወል ሲል ወይዘሮ ስህን መነጽራቸውን አደረጉና ያችን የማዘል ጥያቄ ጠየቁት።

«የቀረጻው መብራት ከጠፋ በኋላ መምህርቷ ወደ እኔ መጡ» አለ ኑርዬ። «ልጅ ሆነው ታመው አያታቸው ለግሸን ተስለው ነበር። ገደሉን አዝሎ ያወጣቸው እስላም ነበር አሉኝ። ስሙን ሳይጠይቁት ወረዱ። የኔን ስም በጽሑፍ አስጻፉኝ፤ ምን እንደሚያደርጉበት እንጃ።»

«አንተ ጅል!» አለ አስረስ። «ከዚህ ወሬ ሰዓቱ ይበልጣል ብለህ ነው የደበቅኸን?»

ኡሙሰልማ ድስቷን አንሥታ ለእትዬ ለተብርሃን ከሁሉም አስቀድማ ዘገነችላቸው። ለኑርዬ ከሁሉም በኋላ ሰጠችው፤ ግን ሰጠችው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ሐይቅም ደረሰ፤ እኛም በተራችን ተፈናቃይ ሆንን። ስንመለስ ከተማው በር አልነበረውም። እውነቴን ነው፤ የቆርቆሮውም የእንጨቱም በር ተነቅሎ አንዳንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዳንዱ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። በአንድ ሰማያዊ በር ጁማና ፈንታሁን ተጣሉ። ሁለቱም የኔ ነው አሉ፤ ሁለቱም ማሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ በሮቹን የሠራው አስረስ ነውና እሱን ጠየቁት።

«እኔ መቶ ሰማያዊ በር ሠርቻለሁ» አለ አስረስ። «ለሁለቱም ጎረቤት ኑርዬ ነው፤ እሱን ጥሩት። በወሎ ሕዝብ ፊት ተሸነፍኩ ያለ ሰው ለበር አይዋሽም።»

ኑርዬ መጣ፤ በሩን አገላብጦ አየው።

«የጁማ ነው?» አሉት።

«አዎ።»

ሁለተኛ ምስክር የጠየቀ የለም። ፈንታሁን እንኳ «እሱ ካለ» ብሎ ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፤ በሩን ከጁማ ጋር ተሸክሞ አደረሰለት።

ኑርዬ ወደ ቤቱ ሲደርስ ኡሙሰልማ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር እየሰቀለች ነበር። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል።

«ያረቢ፣ ይህ ሰውዬ!» አለች ሚስማሩን በከንፈሯ እንደያዘች። «እስቲ ዛሬን እንኳ የኛ ነው ብትል ምን ነበረበት?»