ጥንግ ያልነካው አባቴ

ልጅ እያለሁ አባቴ ጥንግ ሲመታ አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም። ገና በመጣ ቁጥር ከሜዳው አይጠፋም፤ ዱላውን ይዞ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይሮጣል፤ ማታ እያነከሰ ይገባል። ጥንጓን ግን አይነካትም። የሚመታት ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ለማ ነበር። የአባቴ ሥራ ከለማ ፊት ፊት እየሮጠ መንገድ ማስለቀቅ ነው። ሊቀማ የመጣውን በትከሻው ይቀበላል፣ ወደ ጎን ይገፋል፣ ካልሆነም አብሮት ይወድቃል። የሰፈሩ ሰው "አጥሩ" ይለው ነበር። ለማ ጥንጓን ከተጋጣሚዎቹ ከታች ሰፈሮች ድንበር ሲያሻግር ሆ ተብሎ በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ አጥሩ ደግሞ ከጭቃው ብቻውን ይነሳል።

ይህ ያንገበግበኝ ነበር። ልጅ አይደለሁ? አባቴም በሰው ትከሻ ሲወጣ ማየት አማረኝ። አንድ ቀን "አባዬ፣ እርስዎ ለምን አይመቱም?" ብዬ ብጠይቀው ዱላውን በቅቤ እያሸ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ሁሉም ከመታ ማን ይጋርዳል?" አለኝ። ነገሩም በዚሁ አለቀ። አባቴ ወሬ አያበዛም።

ያኔ ኮልፌ ዛሬ የምታውቋት ኮልፌ አይደለችም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ብሎ ነገር የለም፤ የሚዞርም መኪና የለም። ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከኋላቸው ባሕር ዛፍ፣ ከፊታቸው የከብት መዋያ ሜዳ። አባቴ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ እዚህ የሰፈረው ጢሙ ሳያቀመቅም ነው፤ ለገና የተሰለፈውም ያንኑ ዓመት። እናቴ "ዓመቱን ሙሉ ግንድ ይሸከማል፣ ለገና ሰው ይሸከማል" እያለች ትቀልድበት ነበር። ዘመን የምትቆጥረውም በእሱ ስብራት ነው። "እኔ ያገባሁት ጥርሱ የወለቀ ዓመት ነው፤ አንቺ የተወለድሽው ጣቱ የተሰበረ ዓመት" ትለኛለች። የገና ማግሥት ቤታችን የሚሸተው ትከሻውን የምታሽበት ቅቤና ጤና አዳም ነበር። እስከ ዛሬ ጤና አዳም ሲሸተኝ ያበጠ ትከሻ ይታየኛል።

ሽማግሌዎቹ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይሉ ነበር። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ ነው። በዚያች ቀን ሎሌ ጌታውን ቢጥል፣ ጌታ አቧራውን አራግፎ እየሳቀ ይነሳል። አባቴ አንዱን ባለ ብዙ መሬት ባላባት ቦይ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ነጭ ሱሪው ጭቃ መስሎ ወጣና ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ለእኔ ዓለም እንዲህ ነበር የተሠራው።

ጣሊያን ከገባ በኋላ በመጣው ገና ሜዳው ባዶውን ዋለ። ዱላ ይዞ የሚሰበሰብ ወንድ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቀዋል። የካቲት ላይ ከተማው ሲታረድ እናቴ ሦስት ቀን በር ዘግታ፣ ድምፅ እንዳላወጣ አፌን በነጠላዋ ይዛ ሰነበተች። በሁለተኛው ዓመት ግን ከሰፈራችን በላይ ካለው የጣሊያን ኬላ የገና ጨዋታ ፈቃድ መጣ፤ አለቃው ሊያይ ፈልጓል ተባለ። ሰዉ ካፒታኖ ይለው ነበር። እናቴ አባቴን "ምናለ ቢቀሩ?" ብላ ለመነችው። አባቴም አልወደደውም፤ ለማ ግን ሃያ ዓመቱ ነው፣ እግሩን በልቶታል። ለማ ከወጣ አባቴ አይቀርም።

ካፒታኖ አስካሪ ከሚባሉት ጥቁር ወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር በበቅሎ መጣ። ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ለእኛ ለልጆች ከኪሱ ካራሚላ አውጥቶ አደለን። እኔም ተቀብዬ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም ነበር። ጨዋታው ሲሞቅ ካፒታኖ ኮቱን አውልቆ ለአስካሪ ሰጠና ከአንድ የታች ሰፈር ልጅ ዱላ ነጥቆ ሜዳ ገባ። ሁሉም ደርቆ ቆመ። ጥግ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ "ከገባማ ተጫዋች ነው፤ ተጫወቱ እንጂ!" አሉ። ስህተታችን ይህ ነበር። ሕጋችንን እሱም የሚያውቀው መሰለን።

ጥንጓ ለማ እጅ ገባች። ካፒታኖ ዱላውን ሽቅብ አንስቶ ወደ ለማ ሮጠ፤ ዱላው ያነጣጠረው ጥንጓን ሳይሆን የለማን ራስ ነበር። እኔ "አባዬ፣ መጣ!" ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ያደረገውን አደረገ፤ በትከሻው ተቀበለው። ካፒታኖ ተንሳፍፎ እበቱ ላይ በጀርባው ተዘረጋ፤ ባርኔጣው ብቻውን እየተንከባለለ ሄደ።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ካራሚላው አፌ ውስጥ እያለ በቀጭን ድምፄ ከት ብዬ ሳቅኩ። ከእኔ በኋላ ልጆቹ፣ ከልጆቹ በኋላ ሜዳው በሙሉ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ንገረው!" አሉት አስተርጓሚውን። መንገሩን ነገረው። ካፒታኖ ተነሳ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። ማን እንደጣለው አላየም ነበርና ጥንጓ እግሩ ሥር ያለችውን ለማን አየ። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

አባቴ ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ከለማ ፊት ቆመ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ልጁ ጥንግ ነው የያዘው።"

የደበደቡት በራሱ ዱላ ነው፤ በቅቤ ባሸው። አስካሪዎቹ ቀኝ ትከሻውን እየመረጡ መቱት፤ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ለማ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎቹ አንቀው ያዙት። አባቴ አንዴም አልጮኸም። ከዚያ እጁን የፊጥኝ አስረው ከበቅሎው ኋላ ወሰዱት። እናቴ በየቀኑ በሶ ቋጥራ እስር ቤቱ በር ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን ቋጠሮውን ይበትኑባታል። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ባልስቅ ኖሮ እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ክረምቱ ወጥቶ ለመስቀል መለሱት። ቀኝ እጁ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወጌሻ ቢያየው ራሱን ነቀነቀ። ግንድ መሸከም አበቃ። ለማም ዱላ በእጁ አልነካም። ጣሊያን እስኪወጣ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ሳያየው።

ነፃ ከወጣን በኋላ በመጀመሪያው ገና ሜዳው ሞላ። ለማን አባቴ ነው ገፍቶ ያስገባው። እኔና አባቴ ጥግ ተቀመጥን። ለማ ጥንጓን ባገኘ ቁጥር ዓይኑ ወደፊት የሆነ ሰው ይፈልጋል፤ የለም፤ ወዲያው ይቀሙታል። በመጨረሻ ጥንጓ ተንከባላ አባቴ እግር ሥር መጥታ ቆመች። ሰዉ "አጥሩ፣ ምታት! ምታት!" አለ። ግራ እጁ ደህና ነው። አባቴ ብድግ አለ፣ ጀርባውን ለታች ሰፈሮች ሰጠ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ጥንጓን ጋረዳትና ለማ ሮጦ እስኪደርስ ጠበቀ። ለማ መታት። ሜዳው በሳቅና በሆታ ተናወጠ።

አባቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ወደ እኔ ዞር አለ። "ምነው ዝም አልሽ? ሳቂ እንጂ፣ ልጄ። ገና አይደል?" ሳያውቀው አልቀረም። ያን ሁሉ ዓመት። ልስቅ አፌን ከፈትኩና ለቅሶ መጣብኝ።

ዛሬ ዘጠናን አልፌያለሁ። ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የገና ማግሥትም የሚያነክስ ሰው አላይም። በቀደም የልጅ ልጄ በስልኩ የአሜሪካኖችን ኳስ ሲያይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከፊት የሚቆሙትን ግዙፎች አይቼ ኳሷን መቼ እንደሚነኩ ጠየቅኩት።

"እነሱ አይነኩም፣ እማማ። ሥራቸው የያዘውን መጋረድ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጫውተው ሳይነኩ የሚወጡ አሉ።"

"ስማቸውስ?"

"ኧረ ማን ያውቃቸዋል!"

ማታ ትከሻቸውን ማን እንደሚያሽላቸው ልጠይቀው ነበር፤ ተውኩት። ወዲያው ከግዙፎቹ አንዱ ሰው ጥሎ አብሮ ተንከባለለ፤ ልጁ ሳቀ፤ እኔንም ሳቄ አመለጠኝ፤ እጄ ሮጦ አፌ ላይ አረፈ።

"እማማ፣ ሲስቁ ሁልጊዜ አፍዎን ለምን ይሸፍናሉ?" አለኝ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ የድሮ ሴት ጨዋነት ነው ይላል። እኔም ጨዋነት ነው አልኩት።