ቢጎዲኑ እስኪበርድ

«መልክሽ ደህና ነው፤ ፀጉርሽ ግን ሲደባደብ ያደረ ይመስላል» አሉኝ የሆቴሉ ባለቤት ዓይኔን እያዩ።

ደባርቅ ነው፣ ተራራ የሚወጡ እንግዶች የሚያድሩበት ሆቴል። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቆም ልጅ ይፈልጋሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሁለት ዓመት ዳባት እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ቁጭ ስል እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ተሠርተሽ ነይ፤ አይቼሽ እወስናለሁ» ብለው ሸኙኝ።

ዳባት ያለው ፀጉር ቤት ሰኞ በዚያ ሰዓት ገና አይከፈትም። እሁድ ተሠርቼ ብተኛበት ደግሞ ሰኞ ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ከሆቴሉ እንደወጣሁ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቢጎዲን ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዓይኔ ወፍራም ወፍራሙ ላይ አረፈ። ሻጯ የፀጉሬን ጫፍ ይዛ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ይኸው፣ በዚያ ላይ ሁለት ዙር እንኳ አይዞርም። ለአንች ቀጭኑ ነው።»

አናደደችኝ፤ ቀጭኑን ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞከርኩት። ቢጎዲኖቹ ሳጥናቸው ውስጥ ባሉት የብረት ዘንጎች ላይ ተሰክተው ይሞቃሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ስትነጣ ደርሰዋል ማለት ነው። ችግሩ፣ ዓርብ እናቴ «ደርቀሻል» ብላ ቅቤ ስትቀባኝ ዝም ብዬ ተቀብቻለሁ። ሦስተኛውን ጠቅልዬ ሳልጨርስ ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ ወረደ። ቢጎዲኖቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«እማ! ነይ እይ፣ የእሷ ራስ ላይ ወጥ ተጥዷል!» ታናሽ እህቴ ናት፣ ሆዷን ይዛ።

ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ፀሐይ ላይ ቆሜ አደረቅኩና ከሰዓት እንደገና ጀመርኩ፤ ትንሽ ትንሽ እየከፈልኩ፣ ከጫፍ ወደ ሥር። ትዕግሥት ስለሌለኝ ግማሾቹን በትኩሱ ፈታኋቸው፤ ፀጉሩ ተመልሶ ቀጥ አለ። ከኋላ የረሳኋቸው ሁለቱ ግን በርደው ስለነበር ጥቅልል ብለው ወጡ። ለካ ሥራው ያለው መብረዱ ላይ ነው።

እሁድ ሊነጋ ሲል ጎረቤታችን ዐረፉ። ልጅ ሆኜ ሹሩባ የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሰዓት ተቀበሩ፤ ድንኳኑ ከበራችን ፊት ለፊት ተተከለ። አንዲት ልጃቸው ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀመጠች።

«እሷ ተላጭታ፣ አንች ጠቅልለሽ በፊቷ ልታልፊ?» አለች እናቴ። «ሠልስቱ ይለፍ።»

ለሆቴሉ ባለቤት ደወልኩ። «እትዬ፣ ልቅሶ አለብኝ። ረቡዕ ብመጣ ይፈቅዱልኛል?»

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ እመቤት። ግን ነገ ሌሎች ሁለት ልጆች ይመጣሉ፤ አንዷን ከወደድኳት ቀጠርኳት ነው።»

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሶኬቱን ሰካሁ። እናቴ ቀድማ ድንኳን ገብታለች። ጠቀለልኩ፣ በፒን ያዝኩ፣ በላዩ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ተከናነብኩ። መንገድ ላይ ይበርዳል፤ ደባርቅ መናኸሪያ ስወርድ እፈታዋለሁ ብዬ ነው።

በድንኳኑ ሳይቀመጡ ማለፍ ግን አይቻልም። እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጆሮዬ ኋላ ያለው ቢጎዲን ከቆዳዬ ጋር ተጣብቋል። ያቃጥላል። ጥርሴን ነከስኩ፤ እንባዬ መጣ። አንዴ ከመጣ በኋላ እሳቸው በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው ሲጎነጉኑኝ ትዝ አለኝና ጭራሽ ባሰብኝ። የትኛው ለቃጠሎው፣ የትኛው ለእሳቸው እንደነበረ አሁንም አላውቅም።

«አይዞሽ፣ አንችንም እኮ አሳድገዋል» አሉ አንዲት እናት፤ ራሴን ወደ ትከሻቸው ሊያስጠጉ እጃቸውን ዘረጉ። ደነገጥኩ። ነክተውኝ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለት ቢጎዲን ይቆጥሩ ነበር። እናቴ ቀደመቻቸውና ራሴን ወደ ራሷ ሳበችው። ጉንጯ ነጠላዬ ላይ ሲያርፍ ክው አለች።

«ምንድን ነው ይሄ ትኩሳት?» አለች በጆሮዬ።

«ገና አልበረደም።»

እጇ ራሴ ላይ እንዳለ ቆየ። ነጠላዬን የምታወልቀው መሰለኝ። ቀጥላ ለሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች፦ «ይች ልጅ ደባርቅ ጉዳይ አላት። መኪናው ሊያመልጣት ነው።»

የተላጨችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከፊቴ ወደ ነጠላዬ፣ ከነጠላዬ ወደ ፊቴ።

«ሂጅ» አለችኝ። «ጉዳይ አይጠብቅም።»

«እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ተነሳሁና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።