ካላንደሩ የዘለላት ወር

ካዛንቺስ ያለው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ነበረው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያረጀ ዊንዶውስ፣ ሐኪሙ ጋ ማክ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ሊኑክስ። የምንሠራው የቀጠሮ ፕሮግራም ሦስቱም ላይ መሄድ ነበረበት። እናቴ የምትታጠበው እዚያው ነው። ሐኪሙ ሳትታጠብ ሦስት ቀን እንዳታሳልፍ አስጠንቅቋታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፈርቼ ነበር።

ከባልደረባዬ ጋር የተጨቃጨቅነው ፕሮግራሙን በምንሠራበት ዝግጁ መሣሪያ፣ በቱልኪቱ ምርጫ ነው። እኔ የወደድኩት ሙሉ ብራውዘር ተሸክሞ የሚዞረውን ነበር። ያምራል፤ ያረጀው ማሽን ላይ ስንከፍተው ግን ደርቆ ቀረ። የእሷ ምርጫ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይከፈታል፣ የተዘጋጀ ካላንደርም አለው።

«ወሮቹን በእኛ ስም እቀይራለሁ፣ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አደርጋቸዋለሁ፣ በቃ» አለች።

ተሸነፍኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሥራ አስጀመርነው። ከመስኮቱ ማዶ ቀይ ምልክት የተቀባባቸው ቤቶች እየፈረሱ ነው፤ አቧራው ኪቦርዱ ድረስ ይገባል። ፕሮግራሙ አንድም ስህተት አላወጣም። እንዲህ ዝም ያለ ፕሮግራም አላምንም።

የነሐሴ የመጨረሻ ቀን እናቴ ታጥባ እስክትወጣ እየጠበቅኩ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ከተቀባይዋ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ካላንደሩን ወደፊት ገፋሁት። ነሐሴ ሠላሳ፣ ከዚያ መስከረም አንድ። ጳጉሜን የለችም። ቱልኪቱ አሥራ ሁለት ገጽ ሰጥቶናል፣ እኛም አሥራ ሁለት ስም ሞልተን ተነስተናል። ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ኪራይ የማይጠየቅባት ወር ለሁለታችንም ትዝ አላለችንም።

ለባልደረባዬ ደወልኩ።

«ማለቴ፣ አምስት ቀን እኮ ናት፣ አሁን እጨምራታለሁ» አለች። ወዲያው ግን ጠየቀችኝ፤ «ቀጠሮ ሰጥተዋል እንዴ?»

እናቴ ክንዷ በፋሻ ታስሮ ወጣች። ፊቷ ፈክቷል።

«ለዓመት በዓል አሳረፉን ልጄ» አለችኝ። «መስከረም ሁለት ይምጡ አለችን ልጅቷ፣ ከኮምፒውተሩ እያየች። እኛም መረቅናት።»

«እረፍት አይደለም እማዬ፤ ስህተት ነው፤ እስከዚያ ሰባት ቀን ነው» አልኳት።

የእሷን ማስተካከል ቀላል ነው። ከእሷ በፊት ታጥበው የወጡት ግን ደስ ብሏቸው በታክሲ ወደ ላንቻና ወደ ሜክሲኮ ሄደዋል። ልጅቷ ስልካቸውን አወጣችልኝና መደወል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።